ደረቅ ክብደት

በአባፎጊ ቤት ውሃ የሚጠጣው ተደብቆ ነው። እንዲህ ይሁን ብሎ ያዘዘ የለም። ሰውየው ማክሰኞ ማታ ከአዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ሚስቱ ሀጂራ የውሃውን ጀሪካን ከሳሎኑ ጥግ አንስታ ከጓዳው በር ጀርባ አስቀምጣዋለች። ልጁ ዩስራ ምሳ በልታ ስትነሳ እጇን የምትታጠብ መስላ ጓሮ ካለው ቧንቧ ስር ጎንበስ ትላለች። ታናሽ ወንድሙ ሻሚል እንኳ፣ ሲበላ ውሃ ካላወራረደበት ጉሮሮው የማይከፈትለት ሰው፣ እፊቱ በደረቁ እየዋጠ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አባፎጊ ሳሎን በተነጠፈለት ፍራሽ ላይ ተደግፎ ሁሉንም ይሰማል። የጀሪካኑ ክዳን ሲላቀቅ፣ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ሲወርድ፣ ብርጭቆው እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲለወጥ፣ ከዚያ ጉሮሮ፣ ከዚያ ዝምታ። የጠጣው ሰው አፉን ጠርጎ፣ ፊቱን አስተካክሎ ሲመለስ አባፎጊም ምንም እንዳልሰማ ሆኖ «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። «አይ፣ ፀሐይ ነው» ይሉታል። ከዚህ የተሻለ ወሬ በዚህ ቤት ድሮ አይጠፋም ነበር።

ለእሱ የተፈቀደችው በቀን ግማሽ ሊትር ናት። ዩስራ በአንዲት ትንሽ የላስቲክ ጠርሙስ ላይ በጥፍር ቀለም አምስት መስመር አስምራ ከራስጌው አስቀምጣለታለች። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ መሽናት የሚባለውን ነገር ከረሳው ዓመት ሆኖታል። የጠጣው ሁሉ፣ የሾርባው ጭምር፣ ሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። የሚወጣው ሰኞና ሐሙስ አዲስ አበባ ማሽን ላይ አራት አራት ሰዓት ተኝቶ፣ ደሙ እየወጣ ታጥቦ ሲመለስለት ብቻ ነው። ቤቱ ባለበት በሚዛንና በአማን ከተሞች በኩል ማሽኑ ስለሌለ፣ እዚያው እጥበት ቤቱ አጠገብ በሯ በቀጥታ ወደ ግቢ የምትከፈት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ግራ ክንዱን ትራሱ ላይ ያደርግና ጆሮውን ያስደግፍበታል። መርፌው እንዲገባበት ሐኪሞቹ የደም ሥሮቹን ያገናኙበት ቦታ ቀን ከሌት ይነዝራል፤ ጆሮ ሲያስጠጉት ከሩቅ እንደሚሰማ የቡና መፈልፈያ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ከዚህ ሌላ የሚያናግረው ድምፅ የለም።

ለመውሊድ ወደ ቤቱ ሲመጣ ነርሷ የሐሙሱን እጥበት ለቅዳሜ ጠዋት አዛወረችለትና ደብተሩ ላይ ጻፈችለት፤ «ደረቅ ክብደት 57። ከ60 ካለፈ አንድ ቀን እንዳይቆይ።» ደረቅ ክብደት ማለት ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቋት ነበር። «ውሃው ሁሉ ወጥቶ እርስዎ ብቻዎን ሲቀሩ የሚመዝኑት ነው» ብላው፣ ይህ አነጋገር ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአእምሮው አልወጣም። አሁን ደግሞ ጣቷን አንስታ አስጠንቅቃዋለች፤ «ከሦስት ኪሎ በላይ ይዘው ከመጡ፣ በአራት ሰዓት ስስበው ልብዎ አይችለውም።»

ሐሙስ ጠዋት፣ የቡና መጋዘኑ ለገበሬ ሳይከፈት፣ ጓሮውን አቋርጦ ሚዛኑ ላይ ወጣ። መጋዘኑ የእሱ ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ሻሚል ይሠራበታል። አረንጓዴው ሚዛን ከመግቢያው በስተግራ፣ ድሮ ባስቀመጠበት ቦታ ነው፤ ጆንያ የሚቆምበት የብረት ወለል፣ ከላይ ቁጥር የተቀረጸበት ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ የሚንሸራተት መዳፍ የሚያህል ብረት። አባፎጊ ጫማውን ለማውለቅ ታገለ። ጫማው ከእግሩ አልላቀቅ ብሎ በግድ ወጣ፤ የማክሰኞው መንገድ ነው ብሎ ነገሩን ተወው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ እግር ያብጣል። ሌሊቱን ሦስት ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ያነጋውም በትናንቱ መውሊድ ሰው በዝቶበት ስለደከመ ነው። ሻሚል ብረቱን በጣቱ ጫፍ እየገፋ፣ ዘንጉ እስኪስተካከል ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ጮኸ።

«ሃምሳ ስምንት! ማሻአላህ! አየህ የአገር ቤትን አየር?»

አባፎጊ በልቡ አንድ ጨመረ። የሚጨምርበትን ምክንያት እሱና ሻሚል ብቻ ያውቃሉ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከአሮጌ ባትሪ ያወጣውን እርሳስ አቅልጦ ከዚያ ከሚንሸራተተው ብረት ሆድ ስር የለጠፈው ራሱ አባፎጊ ነው። ብረቱ ሲከብድ ቁጥሩ ያንሳል፤ ከሃምሳ ኪሎ ቡና አንዷን ኪሎ ይበላል። ያን ጊዜ ራሱን በምን እንዳሳመነ ዛሬ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ማንም አለመንቃቱን ነው። ስለዚህ ሃምሳ ስምንት ሲል ሃምሳ ዘጠኝ ማለት ነው። ቢሆንም በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ብቻ! እንዲህ ያለ ሐሙስ አይቶ አያውቅም።

«እንግዲህ ነገ የምትሳፈርበት ምክንያት የለህም» አለ ሻሚል ብረቱን ወደ ዜሮ እየመለሰ። «እሁድ ሽማግሌዎቹ ለዩስራ ሲመጡ አባቷ ቤቱ ይገኝ። ሰኞ ትሄዳለህ፣ ማክሰኞ ትታጠባለህ።»

«እስከ ማታ ልየው» አለ አባፎጊ። ልቡ ግን ቀርቶ ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቸኩሎ እሺ ሳይል፣ «እስቲ እናስብበት» የሚለውን አባት ሆኖ ለማየት ሲጓጓ ከርሟል። በዚህ ቤት ውስጥ ለእሱ የቀረው ሥራ ይኸው አንዱ ነው።

ቁርስ ላይ ዩስራ ደብተሯን አወጣች። ቴፒ ካምፓስ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ለበዓሉ ስትመጣ የእጥበት ዓይነቶችን ከኢንተርኔት ላይ ለቅማ፣ አንድ ገጽ በማስመሪያ ከፋፍላ ጽፋ ይዛ መጥታለች። ሀጂራ ጎዳሬውን ሁለት ጊዜ ቀቅላ፣ ሁለቱንም ውሃ ደፍታ አቅርባለታለች፤ ውስጡ ያለው ፖታሺየም የሚሉት ጨው ልብ ያቆማል ስለተባለ ነው። ጎዳሬው ያለ ውሃው ያለ ቅመሙ እንደ እርጥብ ካርቶን ነበር፤ አባፎጊ «ይጣፍጣል» ብሎ ይበላል። ዩስራ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች አነበበች። አሁን አባቷ ያለበት የተለመደው ነው፤ በሳምንት ሁለቴ። ያንኑ በሳምንት ሦስቴ የሚታጠቡ አሉ፤ ውሃው ሳይከማች ስለሚወጣ ልብ አይደክምም፤ ሐኪሞቹም ትክክለኛው ይሄ ነው ይላሉ። ሦስተኛው አዲሱ ነው፤ ብዙ ሊትር ንጹሕ ውሃ ደሙ ውስጥ እየጨመረ መልሶ ይስባል፤ ተራው ማሽን የማያወጣውን ትልልቁን ቆሻሻ ያወጣል፤ ማሳከኩን ይቀንሳል፤ ለሁሉም ሰው ግን ይሻል አይሻል ገና አልተስማሙም።

«አራተኛው ቤት ውስጥ ነው፣ አባ። ሌሊት ተኝተህ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያጥብ።»

«የት አገር?»

«ውጭ አገር።»

«መብራት የማይጠፋበት ነዋ» አለች ሀጂራ። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ሳቁ።

«ቀስ የሚለው ይሻለኝ ነበር» አለ አባፎጊ ወደ ሳህኑ እያየ። በወጣትነቱ ቴፒ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠርቷል። «እሸት ቡና በችኮላ ሲታጠብ ሽታው አይለቅም። ገንዳ ውስጥ ያደረ ነው የሚጠራው። እኔን በአራት ሰዓት ያጣድፉኛል።» ሲያጣድፉት ምን እንደሚሆን አልተናገረም። በመጨረሻው ሰዓት ላይ ባቱ እንደ ገመድ ተጠምዞ እንደሚይዘው፣ ከአልጋው ሲወርድ ግድግዳ ይዞ እንደሚቆም፣ ከእጥበት ቤቱ እስከ ክፍሉ ያለችውን አምስት ደቂቃ መንገድ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ እንደሚጨርሳት፣ ደርሶም በሩን ሳይዘጋ እንደሚተኛ። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም እንዳይጠይቁት ቶሎ ጎዳሬውን ጎረሰ።

«ከመጪው ወር ጀምሮ ሦስቴ ትታጠባለህ» አለ ሻሚል። «ያ አዲሱ ያለበትንም ቤት አጠያይቄአለሁ። ኢንሻአላህ ይሆናል።»

«በምን ገንዘብ?»

«ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ነው።»

ሀጂራ አቀርቅራ ፍርፋሪ መልቀም ጀመረች። ዩስራ ደብተሯን አጠፈች። አባፎጊ ወንድሙን ሊያመሰግነው አስቦ ሳለ ሻሚል ምግቡ አንቆት ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ክዳኑ ተላቀቀ። ብርጭቆው ከወፍራም ወደ ቀጭን ሄደ።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠያቂ መጣ። በዚህ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው በሙዝ ነው፤ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው፣ ሙዝ ደግሞ ከየሰዉ ጓሮ አይጠፋም። ለኩላሊት በሽተኛ ግን ያ ልብ የሚያቆመው ጨው ስላለበት ሙዝ መርዝ ነው ቢባል ማን ያምናል? አባፎጊ ማክሰኞ ማታ ለመጀመሪያዋ ጎረቤት ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር፤ ሴትየዋ ፊቷ ሲጠቁር አይቶ ተወው። አሁን ሳሎኑ ጥግ ስድስት ዘለላ ሙዝ ተደርድሮ ይበስላል፤ ሽታው መጋረጃው ውስጥ ገብቷል። ጠያቂዎቹ ቁጭ ይሉና ፊቱን አይተው ዓይናቸውን ወደ ሙዙ ይመልሳሉ። «ትንሽ ቅመስ እንጂ፣ ጉልበት ይሰጥሃል» ይላሉ። «እሺ» ይላል። አንዲት አሮጊት ጨሞ የሚባለውን ቅመም የበዛበት የቡና ቅጠል መጠጥ በፔርሙዝ ይዘው መጥተው ካልቀመስክልኝ አልመርቅህም አሉት፤ ሁለት ጊዜ ጎነጨ። ትናንትም በመውሊዱ እንዲሁ ነበር። እዚህ አንድ ጉንጭ፣ እዚያ የሾርባ ማንኪያ፣ ምርቃት ሲደረግ ደግሞ ከንፈር ማርጠቢያ። በጠርሙሱ መስመር የሚቆጠረው ከጠርሙሱ የተጠጣው ብቻ ነው። ቢሆንም ሚዛኑ ሃምሳ ስምንት ብሏል፤ አባፎጊ ደረቱ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ድንጋይ የመሰለች ነገር ሚዛኑን እያሰበ ችላ አላት።

ሰባት ሰዓት ላይ ጠያቂ ሲሳሳ መጋዘኑ ገብቶ ድሮ ይቀመጥባት የነበረችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከሳሎኑ ይልቅ እዚህ ይሻለዋል። የጀንፈሉ ሽታ፣ ደርቆ ገና ያልተፈለፈለው ቡና ከጆንያው አፍ ሲንኮሻኮሽ፣ በሳንቃው ስንጥቅ የገባው ብርሃን ውስጥ የሚዋኘው አቧራ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም አያዝንለትም። ሻሚል ሁለት ጆንያ ተረክቦ መርፌና ሲባጎ ይዞ አፋቸውን ይሰፋል። ከጀርባው ሲያዩት አባታቸውን ይመስላል። ለመሆኑ መቼ ነው እንዲህ የጎበጠው? አባፎጊ ይህን ሊጠይቀው አስቦ ሳለ አንድ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመና ካሰች ወረደች። ካሰች ከገጠሩ በኩል፣ ከአማን በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬደው ቀበሌ ናት፤ ቡናዋን ለዚህ መጋዘን ስትሸጥ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። አማርኛዋ የቤንችኛ ለዛ አለው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጠጠር ታስቀምጠዋለች።

«ጋሽ አባፎጊ! አሉ እንዴ? ሞቱ ብለውን ነበር እኮ።»

«ገና ነኝ፣ ካሰች።»

«እንኳን! ጠቁረዋል ግን።»

«አዲስ አበባ በሳምንት ሁለቴ ያጥቡኛል።»

«ታዲያ ታጥበው ነው እንዲህ የጠቆሩት? ባይታጠቡ ይሻል ነበር!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። አባፎጊም ሳቀ። ከማክሰኞ ወዲህ ሰው እፊቱ ሳይጠነቀቅ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሳቁ ግን ትንፋሹን ቆረጠበትና ደረቱን ያዘ።

ባለባጃጁና ሻሚል ጆንያውን ተጋግዘው ሚዛኑ ላይ አቆሙት። ሻሚል ብረቱን ገፋ፣ ዘንጉ ተስተካከለ። «አርባ ሰባት» አለ።

ካሰች ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ ወገቧ አወረደችና አጥብቃ አሰረችው። «ጠዋት የገበሬዎች ማህበሩ ሚዛን ላይ አስመዝኜው ነው የመጣሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሃምሳ ነው። እነሱ ገንዘቡን ቆይተው ስለሚሰጡ እንጂ እዚያው እሸጠው ነበር።»

«ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበር አይደል? ቡና ውሃ አለው፣ ይተናል።» ሻሚል ይህን ያለው ደብተሩ ላይ አርባ ሰባት እየጻፈ ነው።

አባፎጊ እጁን ጆንያው አፍ ውስጥ ከተተ። ይህን ያደረገው ልማድ ሆኖበት ነው፤ እጁ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሄደ። ከሥር አንድ ፍሬ ጀንፈል አወጣ፣ በጥፍሩ ልጦ ፍሬዋን በኋላ ጥርሱ መሐል አደረጋት። የቡናን እርጥበት በጥርስ ማወቅ የእሱ ሙያ ነበር። ውሃ ያለው ፍሬ ጥርስ ይይዛል፣ ለስለስ ይላል፣ የጥርሱ ምልክት ይቀርበታል። የደረቀ ይሰበራል። በሽታው አፉን የብረት ጣዕም ከሞላበት ወዲህ ምግብ እንኳ መለየት አቅቶታል፤ ይህች ግን ቀጭ ብላ ከሁለት ተሰበረች፤ ድምፁን በአጥንቱ ሰማው።

«ይሄ ውሃ የለውም» አለ። «ከሳምንት በፊት ነው የደረቀው።»

ከአፉ ሲወጣ ነው ምን እንዳለ ያወቀው። ሻሚል ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። ካሰች ግን አልተደነቀችም፤ አባፎጊን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሽ አባፎጊ፣ እኛ እኮ አንዷን ኪሎ እናውቃታለን። ድሮ ጀምሮ እናውቃታለን። ከቤት ስንጭን ‹ይቺ የጋሽ አባፎጊ ናት› እንላለን፤ እንደ ሌላው አይቀማንም፣ ቶሎ ይከፍላል፣ ትሁንለት እንላለን። አሁን ግን ሦስት ሆነ። ሁለቱ የማን ናቸው?»

አባፎጊ ፊቱ ሲግል ተሰማው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት የቆየ ግለት ነበር። መጀመሪያ ያፈረው በዚያች በአንዷ ኪሎ ነው። ከዚያ ግን ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ እግሩ ላይ ቆመ፤ ከጫማው አፍ በላይ እንደ ቡኮ ገንፍሎ የወጣው እግሩ ላይ። ከሃምሳ ሦስት የሚበላ ሚዛን ከሃምሳ ስምንት ስንት ይበላል? ጫማው የጠበበው በመንገድ አይደለም። ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋው በሰው ብዛት አይደለም። ደረቱ ላይ ያለችው ድንጋይም ድንጋይ አይደለችም።

ተነስቶ ሚዛኑ ጋ ሄደ። የሚንሸራተተውን ብረት ገልብጦ ሳያይ ጣቱን ከሥሩ ሰደደ። የእሱ እርሳስ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ጠርዟ ሻካራ ነበረች፤ ጣቱ በጨለማ ያውቃታል። አሁን አላገኛትም። በእሷ ላይ ሌላ ፈስሶባታል፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ከእሱ ሥራ የተሻለ።

«ሻሚል።»

«ወንድሜ፣ ቤት እንግባና…»

«ጠዋት ስትመዝነኝ ይሄ ነበረበት?»

ሻሚል መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ያኔ ነው ነገሩ ለሻሚል ራሱ የገባው። አባፎጊ የወንድሙን ፊት ያየው ነበር፤ በመጀመሪያ የተያዘ ሰው ፊት ነበር፣ ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣበት፣ ቀለሙ ከግንባሩ ጀምሮ እንደ ውሃ ወረደ።

«ወላሂ አልመጣልኝም» አለ። «ወላሂ! የማስበው ለቡና ነበር። አንተ… አንተ እዚያ ላይ ስትወጣ ቁጥሩ ብቻ ነው የታየኝ፣ ደስ አለኝ። ላንተ እኮ ነው የጨመርኩት። ሦስቴ እንድትታጠብ።»

አባፎጊ ይህን ሲሰማ ሊቆጣ ይገባው ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣም። የመጣው ያ መውሊድ የዋለበት ሳሎን ነው፤ ተደብቀው የሚጠጡት፣ ሁለቴ ተቀቅሎ የተደፋው፣ በማስመሪያ የተከፋፈለው ገጽ። ሁሉም ለእሱ ብለው ያደርጋሉ፣ ለእሱ ግን ማንም አይነግረውም።

«የጆንያውን ቢላ ስጠኝ» አለ።

ቢላውን ከእርሳሱና ከብረቱ መሐል አስገብቶ ፈለቀቀ። ካሰች ብረቱን በሁለት እጇ ያዘችለት። የላይኛው ሲለቅ የታችኛውን የራሱን ይዞ ለቀቀ፤ ሁለቱ ተጣብቀው ሲሚንቶው ላይ ወደቁና አልነጠሩም። አባፎጊ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ኪሱ ከተታቸው። ጆንያው ገና ሚዛኑ ላይ ነበር፤ ብረቱን ገፋው፤ ሃምሳ ላይ ዘንጉ ቀጥ አለ። ባለባጃጁ ጆንያውን አወረደ። ከዚያ አባፎጊ እንደ ጠዋቱ ጫማውን ለማውለቅ ሳይታገል ከነጫማው ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሻሚል አልተጠጋም። የገፋችው ካሰች ናት፤ ምላሷን ነክሳ፣ እየተጠነቀቀች።

«ስልሳ ሁለት ተኩል» አለች። «ጫማው ሲቀነስ ስልሳ ሁለት እንበል። ከእኔ ጆንያ በአሥራ ሁለት ይበልጣሉ! ማን ነው ከስተዋል ያለን?» ብላ ሳቀች፤ የሚስቅላት አጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታይ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

ነርሷ ቁጥሩን በስልክ ሰማች። ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ነገ ጠዋት በቀጥታ እኔ ጋ፣ እስከዚያ ጠብታ ውሃ እንዳትወስድ አለች፤ ያቺ ሁልጊዜ አንቱ የምትለው ልጅ በድንጋጤ አንተ ስትለው ልብ አለ። አውቶቡስ እስከ ነገ የለም። ሙሴ የሚባለው ሹፌር ግን በአሥር ሰዓት ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ ሻሚል ሮጦ ጋቢናውን አስያዘ። ሀጂራ ጥያቄ ሳትጠይቅ ልብሱን በፌስታል አደረገች። ስለ እሁዱ ማንም አላነሳም። አባፎጊ ራሱ ለዩስራ «ሽማግሌዎቹን በስልክ አናግራቸዋለሁ፤ ስልኩን መሐላቸው አስቀምጪው» አላት፤ እሷም «እሺ አባ» አለች፤ ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ስልክና ዙሪያውን የከበቡትን ሽማግሌዎች አሰቡ።

«ዩስራ።»

«አቤት።»

«አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅጂ።»

ደንግጣ እናቷን አየች። «አባ፣ ነርሷ…»

«ለእኔ አይደለም። አንቺ ጠጪ። እዚህ፣ እፊቴ።»

ቀዳችና ሳሎኑ መሐል ቆመች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። አባፎጊ ጉሮሮዋን፣ ብርጭቆው ላይ የተጋደመውን ብርሃን፣ አገጯ ላይ የቀረችውን ጠብታ አየ። የገዛ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቆ ነበር። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አየ።

ሻሚል ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማ ይዞ መጥቶ እግሩ ሥር ተንበረከከ። ካልሲውን ሲያወልቅለት አውራ ጣቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሻሚል እየጠበቀ አየው፤ አልሞላም። በሌላ ቦታ ላይ ጫን አደረገ፤ እዚያም ቀረ። ከዚያ ጫማውን አጠለቀለትና ቀና ብሎ ሳያየው ተነሳ። ቡና ጭኖ ደጃፉ ላይ ሞተሩን የሚያጓራው መኪና ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ።

ዋቻ ከተማን አልፈው ጫካው መንገዱን ከግራና ቀኝ ሲያጠበው ፀሐይ ዛፎቹ አናት ላይ ብቻ ቀርታ ነበር። አባፎጊ ጋደም ካለ ስለሚያፍነው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሙሴ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው የሃይላንዱን ውሃ አንስቶ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና ቀሪውን ወደ እሱ ዘረጋ። «ያዙ እንጂ፣ መንገዱ ረጅም ነው።» «ይቅርብኝ» አለው። «ከአሁኑ እስከ ጅማ ባዶ ጉሮሮ!» ብሎ ሙሴ ተገረመ። አባፎጊ ኪሱ ውስጥ እርሳሱን በጣቶቹ ያገላብጣል። ሰማንያ ግራም ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ግምቱ ተሳስቶ አያውቅም። ስልኩ ሲጠራ በግራ እጁ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«የት ደረስክ?» አለ ሻሚል።

«ዋቻን አለፍን።»

«ትንፋሽህስ?»

«አለ።»

«ለካሰች ከፈልኳት» አለ ሻሚል። «የሃምሳውን ልሰጣት ነበር። የአርባ ዘጠኙን ብቻ ቆጥራ ወሰደች። አንዷ የጋሽ አባፎጊ ናት፣ መድኃኒት ይግዙባት ብላ ትታ ሄደች።»

አባፎጊ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ዛፎቹ እየተቀራረቡ ነበር። ከፊታቸው ዳገት አለ፤ መኪናው ማርሽ ቀይሮ አቃሰተ፤ ከኋላቸው ጆንያዎቹ ገመዳቸውን ሲስቡ ይሰማል።

«ሻሚል፣ የሌሎቹስ?» አለ። «እርሳሱን ከጨመርክ ወዲህ በዚያ ሚዛን የመዘንካቸው?»

መልስ አልመጣም። ኔትወርኩ ተቋርጦ ይሁን ወንድሙ ዝም ብሎ ይሁን ማወቅ አልቻለም። «ሻሚል?» አለ እንደገና። ከስልኩ ምንም አልተሰማም፤ የተሰማው የራሱ ክንድ ነበር፤ ጆሮው አጠገብ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ መፈልፈያ ሳያቋርጥ የሚነዝረው። ስልኩን አላወረደም። ዳገቱን እስኪጨርሱ እንደያዘው ጠበቀ።